ለዳሱ የቆመው ጥድ

አያልዬ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በሸራ ድንኳን ውስጥ አወጣን፤ ቤት የተረፈለት ሰው ጥቂት ነውና ማንም አልታዘበንም።

ሰፈራችንን ብታየው አታውቀውም። መሬት መንቀጥቀጡ ያፈረሰውን በዶዘር ጠርገው ላሊበላን እንደ አዲስ በኖራ እያሰመሩ ነው። ቁልቁለቱ ላይ በድንጋዩ ቤት ፋንታ ብሎኬት ይደረደራል። አንተ "ብስኩት" እያልክ የምትስቅበት ብሎኬት።

አንተ የገነባሃቸው ግን ቆመዋል። የእትዬ ዘነበች ቤት ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም። ጉዳቱን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ግድግዳው ውስጥ በየሁለት ክንዱ አግድም ገብቶ ድንጋዩን ያሰረውን ጥድ እየነካካ የማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀ። ስምህን ሲጠሩለት እኔ ወደ ድንኳኔ ገባሁ። ከሠራሃቸው ሁሉ የወደቀው የገዛ ቤታችን ብቻ ነው።

ለምን እንደወደቀ ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለማሰሪያ ያዘጋጀኸውን ጥድ ለልጃችን ሰርግ ዳስ አስወሰድኩብህ። ሌላ ጥድ እስኪገኝ ግድግዳው ይቆይ ብትለኝ፣ ሙሽራው ያለቀ ቤት ይግባ እንጂ አልኩ። ሰው የሚያየው ዳሱን ነው፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ እንጨት ማን ያየዋል አልኩህ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አሸነፍኩህ። ያለ ማሰሪያ ገንብተህ ጨረስክ።

መሬቱ ሲናወጥ እኔ ውሃ ልቀዳ ቧንቧ ዘንድ ነበርኩ። ሮጬ ስደርስ ከድንጋዩ ሥር የሚታየው እጅህ ብቻ ነበር። አውራ ጣትህ ላይ ባለችው የመዶሻ ጠባሳ አወቅሁህ።

ሰው የእግዜር ቁጣ ነው ሲለኝ አሜን እላለሁ። ለነፍስ አባታችን ስናዘዝ ስገጂ አሉኝ፤ ሰገድኩ። አልቀለለኝም።

አሁን ቤታችን እየተሠራ ነው። ብሎኬቱን እምቢ ብዬ ድንጋይህን አንድ በአንድ ለቀምኩት። ዳሱ ከፈረሰ ወዲህ ጓሮ የተከመረውን ጥድም አወጣሁት። ግንበኛው በየሁለት ክንዱ ሲያስር ከጎኑ አልተለየሁም። ሊመርገው ሲመጣ ግን ከበሩ አጠገብ ያለችውን የአንዷን እንጨት ጫፍ እንዳይሸፍናት ለመንኩት። የዳሱ ሚስማር እስካሁን አለባት።

ትናንት ልጃችን መጥታ ይቺ ለምን ሳትመረግ ቀረች አለችኝ። የሰርጓ ዳስ ነገር ነውና ብደብቃት ይሻል ነበር ይሆናል። አልቻልኩም፣ ነገርኳት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

ብትመለስም ባትመለስም፣ ስገባና ስወጣ እጄን እዚያች እንጨት ላይ አሳርፋለሁ። አንተንም ያልኩህንም አልረሳም።

ባለቤትህ