ከኋላ የምትቀመጠው

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ የአንተን ናፍቆት ካልቆጠርነው ደኅና ነን።

መኪናህን እንዳልከው ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የመረጥከውን የስፖርት ሾክ አብዞርበር በእጁ ይዞ፣ «አባባ፣ ይሄ ለኩርባ አሪፍ ነው፤ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ወገብ ይፈጃል። ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?» አለኝ።

«እናቱ» አልኩት። አብራኝ ነበረች፤ ከሐኪም ቤት እየተመለስን ነበር። ሰሞኑን መንገዳችን ወደዚያው ነው።

«እስቲ እማማ ይግቡና መኪናዋ ምን ያህል ዝቅ እንደምትል ልየው» አለ። ደግፌ አስገባኋት። እሱ ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ ትንሽ ጠበቀና ቀና ሳይል፣ «በሉ እማማ፣ አሁን ይግቡ» አላት።

«ገብቻለሁ እኮ ልጄ» አለችው።

ቀና ብሎ በመስኮቱ አያት። የአንተን ሾክ መልሶ ከሁሉ የሚለሰልሰውን አመጣ። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ቅር እንዳይልህ።

እሷ ከኋላ ስትቀመጥ ሰፈራችን ያለው ጉብታ ላይ ከመኪናዋ ሥር ያለው ማርሚታ መሬት እየነካ እየተጫረ ስንስቅባት ትዝ ይልሃል? ትናንት እዚያው ስንደርስ፣ «ቀስ በል፣ ሊጫር ነው» አለችኝ። ቀስ አልኩ።

«አልተጫረም። አዲሱ ሾክ ጎበዝ ነው» አለች።

«አዎ፣ ጎበዝ ነው» አልኳት።

እናትህ ሳምልኝ ብላለች፤ ሰላም ሁንልን። ፈቃድ ከሰጡህ፣ መኪናዋን ለማየትም ቢሆን ቶሎ ና።

አባትህ