በቀኝ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳ

ሰኞ

ፎቶግራፉን ዛሬ ተቀበልኩ። የመታወቂያ ፎቶ ነው፣ ከአውራ ጣቴ ብዙ አይበልጥም። እትዬ ለተ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ከዚህ ሌላ የለኝም፣ ጓለይ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ለሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ እንዲሁ ይላሉ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ባላቸው ጋሽ ምስግና ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። አምና በወባ ሞቱ። ቀበሌው ምስጉን ሠራተኛ ብሎ ምስላቸውን አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅል ነው። ለእሑድ መድረስ አለበት። የምሥለው እኔ ነኝ።

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም፦ እኔ ሥዕል አልችልም።

ባለፈው ወር የአባባን ፊት ሥዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ለስብሰባ ሊጠሩን መጥተው አዩት። "ይሄን ማን ሣለው?" አሉ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ዓይን አፋርነት ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልቀዳ ስወጣ የሰፈሩ ሰዎች "ሠዓሊዋ መጣች" ይላሉ። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ልጅ ብዙ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

ማክሰኞ

አባባ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የግፊት መለኪያ ይጠግናል። ሁለት እጁ ማሽን ውስጥ ሲገባ ንድፉን የሚይዝለት ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ነገር ሠርቶ ነበር። ከተሰበረ የበያጅ ጭንብል የራስ ማሰሪያውን ወሰደ። በቀኝ ዓይኑ ፊት የመስኮት መስታወት ስባሪ በሰያፍ አቆመ። ከላይ በሽቦ ንድፉን አንጠለጠለ፣ መሐል ላይ የአሮጌ መነጽር ሌንስ አደረገ። ስታየው ንድፉ መስታወቱ ላይ አለ፣ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ማሽኑ አለ። አንዱ በአንዱ ላይ ያርፋል። ንድፉን በስስ ወረቀት ቀድቶ፣ ጀርባውን ወደ ፊት አዙሮ ነበር የሚሰቅለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሥራ ቦታ አልሆነለትም። ፀሐይ ሲያርፍበት ንድፉ ይጠፋል። ጓደኞቹም "ቀንድ አበቀልክ እንዴ፣ ማን ልትወጋ ነው?" እያሉ ሳቁበት። ሳጥን ውስጥ ጣለው። እኔ ሳልነግረው አወጣሁት። በንድፉ ቦታ ፎቶ አደርጋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን ፊት በእርሳስ እከተላለሁ። በቃ፣ ሥዕሌ ይኸው ነው።

የአባባ ፎቶ ትልቅና ደማቅ ነበር። የጋሽ ምስግና ግን ትንሽና የደበዘዘ ነው። ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ነጩ ወረቀት ዓይን ይወጋል፤ ፊታቸው የለም። ድንገት ዞር ስል የአባባ ጥቁር ጃንጥላ ላይ ብቅ አሉ። ዓይናቸው ሳይቀር። ግን ጃንጥላ ላይ አይሣልም።

ረቡዕ

መስኮቱን ዘጋሁ። ፊታቸው መጣ፣ እርሳሴ ጠፋ። ትንሽ ከፈትኩ። እርሳሴ መጣ፣ ፊታቸው ጠፋ። ግማሽ ቀን እንዲህ አለፈ።

የሞከርኩት፦
ወረቀቱን ሻይ ውስጥ መንከር። ተኮማተረ፤ አንድ ወረቀት ከሰርኩ።
ፎቶው ላይ ባትሪ ማብራት። ጥሩ ነው። እጅ ስላጠረኝ በሽቦ አሰርኩት። አንገቴን ከበደኝ።
የመስታወቱን የውጭ ገጽ በኩራዝ ጢስ ማጥቆር። መጀመሪያ ጨለመብኝ። ጠርጌ እንደገና ስስ አድርጌ አጠቆርኩት።

ሆነ። ወረቀቱ ደብዘዝ አለ፣ ፊታቸው ደመቀ፣ የእርሳሱም ጫፍ አልጠፋም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። ሌባም ቁልፉ ሲገጥምለት እንዲህ ነው የሚስቀው።

ጭንቅላቴ ሲነቃነቅ ፊታቸው ከወረቀቱ ይሸሻል። አገጬን ወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፌ እስኪያመኝ ሣልኩ። አባባ ሲገባ ግንባሬ ላይ ጥላሸት አየ። "ምን ሆነሽ ነው?" አለ። "ኩራዝ ስጠርግ" አልኩ። ሌላ ውሸት።

ሐሙስ

ጨርሼ ለጓድ በቀለ ወሰድኩ። ራቅ አድርገው ያዙት፣ አቀረቡት። "ቁርጥ እሱን። አሁን ቀና ብሎ 'ጓድ በቀለ፣ የውሃ ፈረቃችን ነገር እንዴት ሆነ?' ሊለኝ ነው" አሉ። ጸሐፊያቸው ሳቀ። እሑድ ሕዝብ ፊት እንደምቆም ነገሩኝ።

ዓርብ

ይሄን መጻፍ አልፈልግም።

እትዬ ለተ ሥዕሉን ሊያዩ ቀበሌ ተጠሩ። እኔም ነበርኩ። ቆመው ብዙ አዩት። "እሱ ነው" አሉ። ቀጥለው በጣታቸው የራሳቸውን ቅንድብ ነኩ። "ጠባሳው ግን በቀኙ ነበር። የመርከብ ገመድ ተበጥሶ የመታው። እዚህ በግራው ነው።"

ጓድ በቀለ በለሆሳስ፣ በደግነት ነው የመለሱላቸው። "እትዬ ለተ፣ ሐዘን ያሳስታል። ልጅቱ እኮ ከፎቶው ነው የሣለችው።"

እትዬ ለተ ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ጠበቁ። መሬት መሬት አየሁ።

"ይሆናል" አሉ። "ረስቼው ይሆናላ። ሴት የባሏን ፊት ትረሳለች?" ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቤት ሮጬ ፎቶውን ከሽቦው ፈታሁ። ጠባሳው በቀኝ ነው። የሸሚዛቸው ኪስ እንኳ በእኔ ሥዕል ቦታውን ለቋል። አባባ ንድፉን ለምን አዙሮ እንደሚሰቅለው ያን ጊዜ ገባኝ። መስታወት ያዞራል። ይህን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍልም አያስፈልግም፣ የሚላጭ ሰው ማየት ይበቃል።

እራት አልበላሁም። ስህተቱ አይደለም። ዝም ማለቴ ነው።

ቅዳሜ

ሥዕሉን ላስተካክል ብዬ ከቀበሌ ተቀበልኩ። መሣሪያውን በፌስታል ይዤ እትዬ ለተ ቤት ሄድኩ። በራቸውን ክፍት አድርገው የስፌት መኪናቸው ላይ የልጅ ቀሚስ ይሰፋሉ። መጀመሪያ ፎቶውን ሰጠኋቸው። አዩት። "አልረሳሁም" አሉ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው።

"እኔ ሥዕል አልችልም" አልኩ። "በዚህ ነው።"

አልተቆጡም። "ምንድን ነው እሱ፣ የፈረስ ልጓም?" አሉ። ፎቶውን በቦታው አድርጌ ራሳቸው ላይ አሰርኩላቸው። ምንም አልታያቸውም፤ ከደጅ የአሸዋው ነጸብራቅ ይገባል። በሩን ዘጋሁ። ባትሪውን አበራሁ። ግድግዳው ጋ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፣ ትከሻቸውን ይዤ ወደዚያ አዞርኳቸው።

እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ። ቀጥሎ በትግርኛ መናገር ጀመሩ፣ ዝግ ብለው። ከእኔ ጋር አልነበረም። ባትሪው እየደከመ ወደ ቢጫ ሲሄድ ነው ያቆሙት።

"ጠባሳው በግራ ነው" አሉ። "ሲላጭ ከኋላው ቆሜ መስታወቱ ውስጥ እንዲህ አየው ነበር።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሥዕሉን አነሡ። "ለግራ እጅጌ የቆረጥኩትን ወረቀት ገልብጬ ቀኙን እቆርጥበታለሁ። ይህም ያው ነው።" ሥዕሉን በጀርባው መስኮቱ ላይ፣ በላዩ አዲስ ወረቀት አድርገን እኔ ሣልኩ፣ እሳቸው ያዙ። አፉ ጋ መስመሩ አልወጣልኝም። "እዚህ ላይ ሊስቅ ሲል ዘንበል ይላል" አሉኝ። እዚያን ቦታ ያለ ምንም መስታወት ሣልኩት። በጣም ትንሽ መስመር ናት።

መሣሪያውን ይዤ ልወጣ ስል "ለጥቂት ቀን ተዪልኝ" አሉ። ተውኩላቸው። አባባን ሳልጠይቅ።

እሑድ

ተሰቀለ። ጠባሳው በቀኝ ነው። ተጨበጨበ። ጓድ በቀለ ትከሻዬን ይዘው "በሚቀጥለው ደግሞ እዚሁ፣ ሕዝቡ እያየ ትሥልልናለች" አሉ። "በእጄ ብቻ አልችልም፣ ጓድ" አልኩ። ተናግሬዋለሁ፣ በእርግጥ። ጭብጨባው ዋጠው። እትዬ ለተ ግን ከፊት ነበሩ፣ ከንፈሬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭብጨባ በሌለበት ልደግመው ይገባኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ግንባሬን አየት አደረገ። ከዚያ "ጥላሸቱን በየትኛው ገጽ ነው የቀባሽው?" አለኝ።

ቆምኩ። "በውጪው" አልኩ።

"በውጪው" አለና ሄደ፣ ሄደ። "እኔ ይሄን አላሰብኩም።" መሣሪያው እትዬ ለተ ጋ እንዳለ ያን ጊዜ ነገርኩት።

አሁን ገበታው ላይ ሁለት አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስቀምጦልኛል። ለእትዬ ለተ ውሰጂላቸው ነው ያለኝ።