የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለአለምነው፣

ጤናህን እንዴት ነህ? ወገብህስ ከዚያ ሕመም ተሻለው? በምትሠራበት ሱቅ አካባቢ የነበረው ሁከትስ በረደ? እኔ፣ ባለቤቴ ቢተውና ልጆቹ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ግን ደኅና ናት ብዬ አልዋሽህም። በስልክ ያልነገርሁህ ስልኩ ከመደቧ አጠገብ ስለማይርቅ ነው። ይህን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የእትዬ ሁዳ ልጅ አዩብ ነው፤ ለእኅቱ ለፈርሂያ ሠርግ መጥቶ ወደዚያው ወዳንተ ከተማ ሊመለስ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኅዳር ላይ ሐኪሙ የእማዬ ልብ መድከሙን ሲነግረን፣ ልጄን ሳላየው ልሞት ነው እያለች አለቀሰች። ጨነቀኝና፣ አይዞሽ፣ በአውሮፕላን እኮ ከጆሐንስበርግ አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ተኩል ነው አልኋት። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑን ዋጥ አድርጌ። ደስ አላት፣ ያን ቀን እህልም ቀመሰች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ ልመልሰው አልቻልሁም።

ይኸው ሒሳቡን ስትሠራ ትውላለች። ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ መንገድ ካልተዘጋ አንድ ቀን፣ እንግዲህ ቢበዛ ሁለት ቀን ይበቃዋል ትላለች። ወረቀት የለውም፣ ከወጣ መመለሻ የለውም ብላት፣ ወረቀት እግር ይይዛል ወይ ትለኛለች። አዩብ መጥቶ፣ ጠዋት ተነሥቼ ከሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ ሲላት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። «እኔ ጨው ፍለጋ አቀስታ ድረስ ሁለት ቀን በእግሬ የሄድሁ ሴት ነኝ። ለእናቱ አምስት ሰዓት በዛበት?» አለች። ስትደውል ተኝታለች የምልህ ተኝታ አይደለም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ልጄ ጠልቶኛል ብላ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ።

ትናንት አዩብ ሊሰናበታት ሲመጣ ደጅ ላይ ያዝሁትና አንድ ነገር በላት ብዬ ለመንሁት። አጠገቧ ተቀመጠና፣ የእኔና የአለምነው መንገድ አንድ አይደለም፣ እሱ በሞያሌ ወጥቶ፣ በጫካ በእግሩ፣ ሲያገኝም በጭነት መኪና እየተደበቀ አራት ወር ፈጅቶበታል አላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደበቅናትን ነገር። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። እማዬም፣ «ምን በልቶ ሄደ?» አለች።

ስትቆይ ገብስ አስቆላችኝ፣ አስፈጨችኝ። አዩብ የሚሰጥህ በሶ እሱ ነው። በሄድህበት መንገድ ስትመለስ የአራት ወር ስንቅህ መሆኑ ነው፤ መሸከም የቻለው ግን ሩቡን እንኳ አይሆንም። አንተን መውቀስ ትታለች። አሁን መነሣትህን ነው የምትጠብቀው፤ ሐኪሙ የነገረን ደግሞ አራት ወር የሚያደርስ አይደለም። ስትደውል፣ ስንቁ ደረሰህ ወይ፣ መቼ ትነሣለህ ብላ ትጠይቅሃለች። ምን ብለህ እንደምትመልስላት አላውቅም ወንድሜ። ታላቅህ እኔ ነኝ፣ መላ መፈለግም የእኔ ነበር፤ ግን ጠፋኝ።

ቢተው ናፍቆሃል፣ የወገብህን ነገር አደራ ብሏል። ብዙአየሁ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ እጅ ትነሣለች። በፎቶ ብቻ የሚያውቅህ ትንሹ ዓባይነህ ይስምሃል። እትዬ ሁዳም ዱዓ ላይ ነን በይው ብለውኛል። እማዬን ሰላምታሽን ልጻፍለት ብላት፣ «ተይው፣ ሲመጣ እኔው እስመዋለሁ» አለች።

እኅትህ ፍቅርአዲስ
መካነ ሰላም
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.