ከሦስተኛ ፎቅ ጠርዝ የተላከ ምስጋና

ለክቡር የፊልም ቅርስ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእኔ ጉልበት ሰሞኑን አልታዘዝ ብሎኛል። ይህ የሆነው ጽሕፈት ቤትዎ በልጅነቴ የተሳተፍኩበትን አጭር የቀልድ ፊልም አሳድሶ በአደባባይ ካሳየና ለልጅ ልጄ የጥሪ ደብዳቤ ከላከ ወዲህ ስለሆነ፣ ምስጋናዬንም በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። አምስት ባለጌ ልጆች የአንድ ልብስ አጣቢን አንሶላ እየሰረቁ ፍዳውን ያሳዩታል። ሰውየው መጥረጊያውን ይዞ ሲያባርራቸው፣ የሁሉም ታናሽ የሆነችው «ቁንጫ» በሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወጥታ፣ ስንዝር በማትሞላ ጠርዝ ላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ትቆማለች። እሱም አንገቱን አስግጎ ግራ ቀኝ ያያል፤ አያያትም፤ የመጥረጊያው ጫፍ ግን አፍንጫዋን ይነካካታል። ተመልካች ሆዱን ይዞ ይንከተከታል። ቁንጫ እኔ ነኝ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አንደኛ፦ ለእድሳቱ ጥራት እጅ እነሳለሁ። የድሮው ቅጂ ተቧጥጦና ደብዝዞ ፊቴን ሊጥ አስመስሎት ስለነበር፣ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ የሚለይ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን በባለሙያዎችዎ ትጋት፣ የአገጬ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን በካልሲዬ ላይ የሚወርደው ሽንት ጭምር ከመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይታያል። አደባባዩ በጭብጨባ ሲናጥ እኔ የጎረቤቴን ክንድ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ እስካሁን በልዞባታል።

ሁለተኛ፦ ፊልሙ ድምፅ አልባ በመሆኑ፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ የሚነበብ ጽሑፍ ስለጨመሩልኝ ባለውለታዬ ነዎት። «ወፎች ሆይ፣ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ!» ይላል። ሲያምር! እኔ ግን እዚያ ላይ ሆኜ ስለ ወፍ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ «እማዬ፣ አውርጂኝ» ነበር የምለው። እናቴም ሩቅ አልነበረችም። ከታች ከካሜራው አጠገብ አፏን በሁለት እጇ አፍና ቆማለች፤ አዘጋጁ «ድምፅ ካሰማሽ ቀረጻው ይበላሻል» ብሏት ነበርና። ድምፅ ለማይቀዳ ካሜራ ማለት ነው፣ ክቡርነትዎ። እሷ ምን ታውቃለች፤ ትልቅ ሰው የተናገረው ነገር ስለሆነ አመነች። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም፤ የፊልሙ ነገር በተነሳ ቁጥር ግን ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ፍራሹ። ከመውጣቴ በፊት ከመስኮቱ ሥር ወፍራም ፍራሽ መነጠፉን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠርዙ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ግን ባዶ ድንጋይ ነው። ለካስ ልብስ አጣቢው የሚተኛበትን ትዕይንት ለማዘጋጀት ወስደውታል፤ ሊመልሱትም ረስተውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለሚቀጥለው አቤቱታ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ከምስጋናዎቹ ጋር አይቆጠርምና። ጽሕፈት ቤትዎ ፊልሙን እንደ አዲስ ሊቀርጽ መሆኑን፣ ለቁንጫም «በመልክ ቁርጥ አያቷን» በመምሰሏ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ መመረጧን፣ ለእኔም ከመስኮቱ ትይዩ የክብር ወንበር መዘጋጀቱን በትሕትና ገልጻችኋል። «አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ ይደረጋል» የሚለውን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ለእሷም የተነገራት ይኸው ነበር። ወጣቱ አዘጋጃችሁ ስደውልለት በጣም ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ፣ ገመድ ካሰርንላት የድሮው ለዛ ይጠፋል፤ ግን አይስጉ፣ ፍራሽ እናነጥፋለን» አለኝ።

ልጄ፣ የልጅቷ አባት፣ በደስታ ፈርሟል። አይሆንም ስለው «አልወደቅሽም እኮ፣ እማዬ!» ይለኛል። ልክ ነው፣ አልወደቅኩም። ዕድሜ ልኬን ምድር ቤት ተከራይቼ ኖርኩ፤ አምፖል ሲቃጠል የጎረቤት ሰው እስኪቀይርልኝ በጨለማ እቀመጣለሁ። ልጅቷ ደግሞ የሶፋው ጫፍ ላይ ቆማ ክንዷን ዘርግታ ትለማመዳለች፤ እኔ ሳህን እያጠብኩ ድምጿ ከጠፋ እጄን ሳላደርቅ ሮጬ ቁርጭምጭሚቷን እይዛለሁ። እሷ ትስቃለች። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። ሌላ ምን ብዬ ላሳምረው? ፈራሁ።

ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ሆኜ አንዲት ነገር እለምናለሁ። የድሮው ለዛ እንዳይጠፋ የግድ ሰው ያለ ገመድ ጠርዙ ላይ መቆም ካለበት፣ ክቡርነትዎ ይቁሙልን። ቁመናዎ ያማረ ነው፤ ሕዝቡም ይወድልዎታል። ፍራሹን ከቤቴ አምጥቼ አነጥፋለሁ፤ ማንም እንዳይወስደውም ራሴ እቀመጥበታለሁ።

መሥሪያ ቤትዎ ልጆችን አሳቅቆ ትልልቆችን ማሳቁን እንዲቀጥልበት፣ ወንበርዎም ከመሬት ብዙ ከፍ ሳይል እንዲያቆይዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ፣ እጅግም ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቁንጫ

ማስታወሻ፦ ልጄ ይህን ደብዳቤ «ሳላነበው አይላክም» ብሎ ተቀብሎኝ አነበበው፤ መለሰልኝና ወጣ። ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር አላውቅም። በቀረጻው ዕለት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ልጅቷን ይዞላችሁ ከመጣ ግን የክብር ወንበሩን ለሌላ እንግዳ ስጡልኝ፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር እሆናለሁ። እግሯ ከመስኮቱ ሲወጣ ያየሁ ዕለት፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ፣ ሰፈሩ ነቅሎ እስኪወጣ ድረስ እጮኻለሁ። ቀረጻችሁን ስለማበላሸው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።