አባዬ፣ ልብህ አልነበረም

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ። ከሄድክ ስምንተኛ ወራችንን ያዝን። እማዬ የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ጨርሳ ከኔ ጋር ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር መጥታ ነበር፤ ከተማው አልሆናትም፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ወደ መንደር ተመለሰች። ወንድሜ ጀማል በቆሎውን ዘርቶልሃል፤ በባሮ በኩል ያለችውን ማሳ ግን ውሃ በላት። ማንጎው ዘንድሮ ከልክ በላይ ይዞ፣ የሚለቅመው ጠፍቶ መሬት ላይ በሰበሰ።

እኔ ግን ተናድጃለሁ አባዬ። ይህን ለሌላ ሰው ብናገር «አላህን ፍሪ» እባላለሁ፤ ስለዚህ ላንተ እጽፋለሁ።

መጥረቢያ ያገኘው እግርህ ሲያመረቅዝ ሆስፒታል የወሰድኩህ እኔ ነኝ። ባጃጁ ሲያንገጫግጨን «ሹፌር፣ እኔ እኮ የበቆሎ ጆንያ አይደለሁም» ብለህ አሳቅከን። ከዓመታት በፊት ፔኒሲሊን ተወግተህ ፊትህ አብጦ ለጥቂት ስለተረፍክ፣ ካርድህ ላይ «ፔኒሲሊን እንዳይሰጥ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ካርዱን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በእጄ አስቀመጥኩት። እሱ ስልኩን ከላዩ አሳረፈበት። ያንኑ የፔኒሲሊን መርፌ ከተወጋህ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ አጠረህ። እጄን ጨብጠህ ነበር፤ ከዚያ ለቀቅከኝ። ሐኪሙ ወጥቶ «ልባቸው ነው» አለን።

መርፌውን የወጋችህ ሲስተር ኛቦል ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ሐኪሙን ካርድ አየህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አየሁ አለኝ። እኔም ራሴ ማየት ነበረብኝ» አለች። ከሷ በቀር እውነቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለጀማል ነገርኩት። ከተማ ሲመጣ ከሐኪሙ ጋር ጁምዓ አብሮ ይሰግዳል። «ቀኑ ደርሶ ነው፤ እኛ አውፍ ብለናል» አለኝ። ማን ይቅርታ ጠይቆን ነው ይቅር ያልነው? ዘመድ ሁሉ ተነሳብኝ። ያጠፋው ሰው በሰላም እየሰገደ፣ የጠየቅኩት እኔ ተጸጸቺ፣ ተውበት አድርጊ ተባልኩ።

መንደር ወርጄ ጀናዛህን ያሰገዱትን ሼህ ያሲንን ጠየቅኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም ተጠንቅቆ ሠርቶ ሰው ቢሞትበት ወንጀል የለበትም» አሉኝ። «ሳያውቅ የሚያክም ግን ተጠያቂ ነው። እያወቀ፣ ማየት ያለበትን ሳያይ ያለፈም እንዲሁ። ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ፣ እናንተ እንድትታገሱበት ነው እንጂ እሱ እንዲደበቅበት አይደለም። ካሳውን ወራሾች መተው ትችላላችሁ። የጥፋቱ ማካካሻ፣ ከፋራው ግን የአላህ ሐቅ ነው፤ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። እሱን እናንተ አታነሱለትም።»

ያን ቀን እንዳላበድኩ አወቅሁ አባዬ።

ሼሁ ለጀማልም ነገሩት፣ ጀማል ለሐኪሙ። አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሁለቱ ቤቴ መጡ። ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አየሁ ብዬ ነበር እንጂ ካርዱን አላየሁትም። ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ቸኮልኩ» አለ። ይሄ ይገባኛል፤ ያን ወረፋ እኔም ቆሜበታለሁ።

«ታዲያ ልባቸው ነው ለምን አልከን?» አልኩት።

«ፈራሁ» አለ።

ስህተቱ የደቂቃ ነው። ውሸቱ ግን ስድስት ወር ቆየ፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

አሁን እየጾመ ነው። ጀማል ነገሩ አልቋል ይላል። እኔ ግን ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቄዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ የሞትህ ምክንያት ይታረም፣ ባልደረቦቹም ይስሙት፣ ነገ ሌላ ሰው እንዳይሞት። «እሺ» ብሎኝ ሄደ። በየሳምንቱ ኛቦልን እጠይቃታለሁ፤ እስካሁን ምንም የለም። ጾሙ በእሱና በአላህ መካከል ነው፤ የኔ ይቅርታ እውነቱን ይጠብቃል። እልኸኛ ናት ይሉኛል። አንተም ብትኖር «ተይው ልጄ» ትለኝ ይሆናል። ግን ለሰፈራ ከወሎ በመጣችሁ ጊዜ ስምህን አሳስቶ የጻፈውን ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ ያሳረምከው አንተው ነህ።

ዱዓዬ አይቋረጥብህም፤ ሰደቃህንም አልረሳም። ልጆቼ አድገው አያታችን እንዴት ሞቱ ሲሉኝ፣ ቀናቸው ደርሶ ነበር እላቸዋለሁ። ሰውም አጥፍቷል እላቸዋለሁ። አንዱን በሌላው አልሸፍንባቸውም።

ልጅህ ፋጡማ