የሐጂ መኪና የባትሪ መሰኪያ

ገዳሪፍ፣ ጥር 14 ቀን 1978

ገበያ ውስጥ አንዱ፣ «ባለሱቁ ሐጂ ያለ ሾፌር የምትሄድ መኪና ከጅዳ አመጡ» ሲል ሰማሁ። አገሬም እንዲሁ ስትሄድ አይቻለሁና አመንኩ። ለካ ጫማ የምታክል፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ መጫወቻ ናት። የባትሪዋ መሰኪያ ቀልጦ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝና ሐጂ አስጠሩኝ።

«ያ ሐበሺ፣ ነገ እንግዶቼ ፊት ከሄደች ሱቄ ውስጥ የሬዲዮ መጠገኛ ጠረጴዛ አለህ» አሉኝ።

ካጠራቀምኳቸው መሰኪያዎች ወፍራሙን መረጥኩ፤ ቀጭኑ ይግላል። ጫፎቹ ተጋልጠው እንዳይነካኩ ባለቀዳዳውን ሴቴ በባትሪው በኩል አድርጌ በካውያ በየድኩት። ሄደች! ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተከተሏት።

«ለነገ እናቆያት፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ አንዴ ብቻ!»

እኔም እምቢ አላልኩም። ቀጥ ብላ እስክትቆም ነዳናት። ከዚያ የባትሪውን መሙያ ጠየቅኳቸው።

ጅዳ ቀርቷል።