ስምህን በሟቾች ዝርዝር የጻፍኩበት ምክንያት

ውድ ነጎድጓድ፣

ይህን ደብዳቤ ሳትቀድ እስከ መጨረሻው እንደምታነበው እርግጠኛ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ኳስ ሲያስተላልፍ የኖረ ሰው ውጤቱን ሳያውቅ ከሜዳ አይወጣም። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋዋለህ። ቤትህ እንዳልመጣ ልጅህ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀን ይስጡት፤ ስምዎ ሲነሳ ደሙ ይፈላል» አለችኝ። ወረቀት ግን ደግ ነው፤ ብትሰድበውም አይመልስልህም።

ልጅህ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ሐሙስ የተያዘልህን የልብ ቀዶ ሕክምና አልሄድም ብለሃል አሉ። ለምን ስትልህም፣ የሞት ባለሙያው ጽፎኛል፣ ከእንግዲህ ምን አደከመኝ ብለሃታል። እንግዲህ የሞት ባለሙያው እኔ ነኝና ባለሙያው የሚለውን ስማ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ አንተ ስትናደድ ግማሹን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። እያንዳንዳችን በዚያ ዓመት ይሞታሉ ያልናቸውን የአምስት ታዋቂ ሰዎች ስም በቁራጭ ወረቀት እንጽፋለን። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቶቹን በብስኩት ቆርቆሮ ከትቶ ከመስተዋቱ በላይ ያስቀምጣቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ይከፈታል፤ ብዙ ያገኘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ፂሙን በነፃ ይላጫል። አስቀያሚ ጨዋታ ነው ትላለች ሚስቴ። ልክ ናት። ግን በእኛ ዕድሜ ሞትን ትንሽ ካልተሳለቅንበት ይኮራብናል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አይጻፍም። ሕጉ የወጣውም ለአንተ ሲባል ነው፤ ከመካከላችን ታዋቂው አንተ ብቻ ነህና። እኔንማ ማን ይጽፈኛል? ብሞት የምታውቀው ዳቦ ሻጯ ናት፣ እሷም በሦስተኛው ቀን።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቆርቆሮው ተከፍቶ ፀጉር አስተካካዩ የዓምናውን ወረቀቴን ሲያነብ፣ አምስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ሊያጥፈው ሞከረ። ከእጁ ወስደህ ራስህ አነበብከው። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም መቀሱን በዓይኔ እየፈለግኩ ነበር፣ እንዳትወረውረው። አንተ ግን ባርኔጣህን አነሳህና «አንተ ካልክ አልቋል» ብለህ ወጣህ። ያ ስታዲየም የሚያናውጥ ድምፅ እንዲያ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም።

ሕጉን ጥሻለሁ፤ አልክድም። «አንተ ካልክ» ያልካት ላይ ግን ልያዝህ።

ባለሙያ ያስባለኝ ሥራዬ እንደሆነ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጋዜጣው ላይ ዜና ዕረፍት ስጽፍ አይተኸኛል። ታዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ታሪካቸውን ጽፌ በመሳቢያ አስቀምጣለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ የሞቱበትን ዕለት ብቻ እሞላለሁ። አንድ ትልቅ ሰው ባሳለው ቁጥር አለቃዬ ብቅ ብሎ መሳቢያው ዝግጁ ነው ወይ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ምስጢሩ የሚነገረኝ ይመስለዋል። አየህ፣ መሳቢያው የሚሞላው ማን መቼ እንደሚሞት ማንም ስለማያውቅ ነው። ብናውቅማ ኖሮ የሁሉንም ለምን እንጽፋለን?

እስቲ የቆርቆሮውን ውጤቴን ተመልከት። ያችን አሮጊት ዘፋኝ ሰባት ዓመት በተከታታይ ጻፍኳት፤ ካቻምና አገባች። ጡረታ የወጣውን ሚኒስትር በቃሬዛ ሲወስዱት በቴሌቪዥን አይቼ ጻፍኩት፤ አሁን በየጠዋቱ ይዋኛል አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቦክሰኛውን አገኘሁ ብዬ ስጨፍር፣ ከመካከላችን ያለው ጡረተኛው የሂሳብ መምህር አሮጌ ጋዜጣ አምጥቶ ሰውዬው የሞተው እኔ ከመጻፌ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሆኑን አሳየኝ። የሞተ ሰው ይሞታል ብሎ የተነበየ የዜና ዕረፍት ጸሐፊ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን ዕለት ስትስቅ ከወንበር ወድቀህ ነበር፤ ረሳኸው? የልጅ ልጄ፣ ያቺ ላቦራቶሪ የምትሠራው፣ ይህን ሁሉ ስነግራት ምን አለችኝ መሰለህ፦ «አባባ፣ አንተ የጻፍከው ሰው እኮ አይሞትም። እኔንም ጻፈኝ።»

ይህን ባለችኝ በሳምንቱ ነው፣ ዓምና፣ አንተና እኔ ከአውቶቡስ ወርደን ወረቀት ልንጽፍ ወደ ፀጉር ቤቱ ስንሄድ ሦስት ጊዜ የቆምከው። መጀመሪያ የጫማህን ክር ላስር ብለህ አጎነበስክ፤ ጫማህ ክር የለውም። ቀጥሎ የመድኃኒት ቤቱን መስኮት እንደ ሙሽራ ልብስ ቤት አፍጥጠህ አየኸው። በሦስተኛው ጊዜ ምሰሶ ይዘህ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ታወራኝ ጀመር፤ ኳሱ ሳይመታ ትንፋሽህ አለቀ። ከንፈርህ ጠቁሮ ነበር። «ወንድሜ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ሲገባኝ ፌዝ መጣልኝ፤ ተጨማሪ ሰዓት ገብተሃል አልኩህ። አንተ ሳቅክ። እኔ በሩን ከፈትኩልህ።

ገብተን ተቀመጥን፤ ወረቀት ታደለን። አራት ስም ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ እጄ ያንተን ስም ጻፈ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የጻፍኩት አይደርስም ብዬ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በጥንቆላ አላምንም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ያን ዕለት ግን በእጄ ያለው መድኃኒት እሱ ብቻ መሰለኝ።

አሁን አንተው ፍረድ። የጻፍኩህ ዓምና ነው። ዓመቱ አለቀ። አንተ ደግሞ አለህ፤ ስልክ እየዘጋህ፣ ልጅህን እያስለቀስክ፣ አለህ። በወረቀቴ የምታምን ከሆነ ወረቀቴ አቆይቶሃል። የማታምን ከሆነ ሐሙስ የምትቀርበት ምክንያት የለህም። በየትኛውም በኩል ብትዞር ኳሱ መረብ ውስጥ ነው፤ ዳኛ አትሳደብ።

ስምህን በመጻፌ ብዙም አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ለወረቀት የነገርኩትን ለአንተ አለመንገሬ ነው። ልጅህ በቅርቡ አይታው ሐኪም ቤት እየጎተተች እንድትወስድህ ያደረጋትን ሕመም፣ እኔ ከዓመት በፊት አይቼ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። አንተን ማጣት ፈርቼ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይቀልዳል። ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምተህ ስለማታውቅ ሁለት ጊዜ አንብበው።

ዘንድሮ ማንንም አልጻፍኩም። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀት ሲሰጠኝ ባዶውን መለስኩለት። በምትኩ ሐኪምህ ዘንድ ሄድኩ። ዘመድ ነዎት ወይ ስትለኝ ታላቅ ወንድሙ ነኝ አልኳት፤ በአንድ ዓመት እንደምትበልጠኝ ምን አሳወቃት። ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደሠራች ጠየቅኳት፤ ከአራት መቶ በላይ አለችኝ። ሁሉም ዳኑ ብላ አልዋሸችኝም፤ አብዛኞቹ ግን በራሳቸው እግር ሄደው ቤታቸው ገብተዋል። እሷ አራት መቶ ሰው የነካች፣ እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ያላገኘሁ። ከሁለታችን ማንን ብታምን ይሻልሃል?

ሐሙስ ጠዋት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ታክሲ ይዤ በርህ ላይ ነኝ። ልጅህ ቦርሳህን አዘጋጅታለች። በመንገድ ላይ የፈለግከውን ያህል ልትሰድበኝ ትችላለህ፤ ሐኪሟን አስፈቅጃታለሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይስደብዎት ብላለች። ሲያስገቡህ እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ፤ ለወገብ አይመችም፤ ቢሆንም አልነሳም። ዓይንህን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው የእኔን ፊት ነው። ካስጠላህ መልሰህ ጨፍን። ብቻ መተንፈስ እንዳታቆም።

ሐሙስ በርህ ላይ የሚጠብቅህ፣
ታናሽ ወንድምህ